ኪስ ያለው ቀጭኔ

ልብስ ሰፊው በዕድሜው የሰው መከራ ሰምቶ የሳቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም የገዛ ልጁን መከራ። ሳቀ ስላችሁ ጥርሱን አግጦ አይደለም። አፉን ከድኖ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር እያስተካከለ፣ በሆዱ ነው የሳቀው። ሚስቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረች ሴት ናት፤ የሆዱን ሳቅ ከትከሻው ታውቀዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እግሯ ተሰብሮ ትስቃለህ?» አለችው።

«ማን? እኔ? ኧረ አፌ ይቆረጥ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የሥዕል አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ቅጥሯም የሙከራ ነው። ማክሰኞ ዕለት የተማሪዎቿን ሥዕል ከፍ አድርጋ ልትሰቅል ብላ ጠረጴዛው ላይ ወንበር አወጣች፣ ወንበሩ ላይ እሷ ወጣች፣ ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ወረዱ። ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቷን አይቶ ከንፈሩን መጠጠና እስከ ጉልበቷ ድረስ በጄሶ ጠቀለላት። «መርገጥ የሚባል ነገር አይታሰብ» ብሎ ላካት። ይኸው ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እግሯን በትራስ ላይ አስቀምጣ ታለቅሳለች።

የምታለቅሰው ለእግሯ አልነበረም። ዓርብ የወላጆች ቀን ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ አስቀድሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ «ዓርብ ወላጆች ከሥዕል ክፍል አንድ የረባ ነገር ካላዩ፣ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ከተሰጠ እሷም ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ነው። ወደ ቤቷ ማለት ደግሞ ወደ አባቷ ሱቅ።

አሁን የሳቁ ምንጭ ገባችሁ? ልብስ ሰፊው ይቺን ልጅ ያሳደጋት ለሱቁ ነበር። ገና በሕፃንነቷ በባዶ እጇ ቀጥ ያለ መስመር ስታሰምር አይቶ «ይቺ የእኔ ተተኪ ናት!» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። አድጋ ሥዕል ልማር ስትለው ቅስሙ ተሰበረ። ሥራ መሆኑን ከቶ አላመነም። «የተሳለ ላም አይታለብ፣ የተሳለ በሬ አያርስ!» ይል ነበር በየአጋጣሚው፤ ማንም ሳይጠይቀው ጭምር።

«አባዬ፣» አለችው ልጁ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «እስከ ዓርብ አንተ ያዝልኝ።»

«ምኑን?»

«ክፍሉን።»

«ምን ቆርጦኝ! እኔና ሥዕል ምንና ምን ነን?»

«ጠመኔ ትይዛለህ፣ መቀስ ትይዛለህ፣ መስመር ታውቃለህ። ልጆቹ ሥራቸውን ጀምረውታል፤ አንተ ፊታቸው ቁምልኝ ብቻ። ሌላ ሰው ካልተገኘ ዳይሬክተሩ የሒሳቡን መምህር ነው የሚያስገባው። እሱ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያስወጣው የለም። በሞቴ፣ አባዬ!»

ልብስ ሰፊው አገጩን አከከ። እንግዲህ ሰይጣን የሚገባው በእንዲህ ያለች ቀዳዳ ነው። «እምቢ ብል ጨካኝ አባት እባላለሁ፤» አለ በልቡ፣ «ሄጄ ቢበላሽ ግን ማን ይወቅሰኛል? ልብስ ሰፊ ነኝ!» እሱ ያበላሸዋል፣ ዳይሬክተሩ ይቆጣል፣ ሒሳብ ይገባል፣ ልጅቷ ሱቅ ትመጣለች። እንዲህ ያማረ ነገር በስፌትም አይገኝ።

«እሺ፣ ለአንቺ ስል ነው» አለ።

ልጁ ተስገብግባ ታስረዳው ጀመር። «ልብ በል፤ ባለቀለም ወረቀት የምሰጣቸው እንዲያጌጥ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ የእንስሳው ቆዳ ነው። ውሻው ቡናማ ከሆነ ቡናማ ወረቀት ይመርጣሉ። ከዚያ ጥላ ያረፈበትን ብቻ በከሰል፣ ብርሃን ያረፈበትን ብቻ በነጭ ጠመኔ ይነካሉ። የቀረውን ሳይነኩ ይተዉታል። ገባህ?»

«እንዴታ!» አለ ልብስ ሰፊው። አንድም አልገባውም።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። «ዛሬ ደግሞ ምነው ቶሎ እሺ አልክ?»

«አባት አይደለሁም እንዴ?»

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» አለችና ገባች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው የክት ኮቱን ለብሶ፣ ሜትሩን ከልማድ የተነሳ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ መቀሱን በኪሱ ይዞ ክፍሉ ገባ። መደርደሪያው ላይ ባለቀለም ወረቀት በየዓይነቱ ተከምሯል፤ ከጎኑ የከሰል ቆርቆሮዎች ክዳናቸውን ገጥመው ተደርድረዋል። ልጆቹ ቲቸራቸውን ሲጠብቁ ሜትር ያጠለቀ ሽማግሌ ገባባቸው።

«እንስሳ እንስላለን፤» አለ፣ «ላም።»

ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ ጀርባዋን አሰመረ። ቀጥ ያለ ጀርባ፣ እንደ ሱሪ ስፌት ቀጥ ያለ። ከሥሩ አራት እግር ተከለላት፣ እግሮቹንም አስተካክሎ አንድ ቁመት አደረጋቸው። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀንድ ጨመረ።

የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። የማትጠይቀው ነገር የሌለ ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊው ወዲያው በልቡ «መርማሪዋ» ብሎ ሰየማት።

«ጋሼ፣ ይሄ ጠረጴዛ ነው?»

«ላም ናት!»

«ታዲያ ቀንዱን ማን ነው ጠረጴዛው ላይ ረስቶት የሄደው?»

ክፍሉ በሳቅ አበደ። አንዱማ ከወንበሩ ወድቆ እዚያው መሬት ላይ ሆኖ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ፊቱ ደም መሰለ። ሊሸነፍ መምጣቱ እውነት ነው፤ መሳቂያ ሊሆን ግን አልመጣም። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ቤቱ ሆኖ ሲያስብ አልታየውም ነበር። ሰይጣን ያቀደውን ኩራት አፈረሰው።

«ዝም!» አለ። «ሳቅ ቀላል ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ላሟን ማን ነው የሚለብሳት?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ አስተማሪ የለም።

«ለባሹ ሳይታወቅ መስመር አይሰመርም!» አለና ሜትሩን ከአንገቱ መዥረጥ አደረገው። «አንቺ የጠረጴዛዋ፣ ነይ። እጅሽን ዘርጊ። ወገብሽን አትሰብስቢ፣ ደንበኛ ሁሉ በእሷ ነው የሚያታልለኝ።»

አቤት፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የመርማሪዋን ደረት ለካ፣ ትከሻዋን ለካ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት ለካ። ነጭ ወረቀት ከነጭ ወረቀት አጣብቆ ወለሉ ላይ ዘረጋና በዚያች ልኬት ላም አሰመረላት፤ ፊት ለብቻ፣ ጀርባ ለብቻ፣ የፊት እግሮቿ እጅጌ፣ ራሷ ኮፍያ። «ለስፌት ሁለት ጣት ትርፍ ተዉ!» እያለ በልጆቹ መሃል ተንጎራደደ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተኝተው እርስ በርስ መለካካት ጀመሩ። ዝሆን የፈለገ አለ፣ አንበሳ የፈለገ አለ፣ ጅብ ካልሆንኩ ብሎ ያለቀሰም አለ።

«ጅብ ከባድ ነው፤» አለው ልብስ ሰፊው በቁም ነገር፣ «ወገቡ ወደ ኋላ ይዘቀዝቃል፤ ከኋላ ካላሳጠርንለት መሬት ይጠርጋል።»

ለዝሆኑ ግራጫ ወረቀት አልበቃ አለ። «ቀይ አድርጉት» አለ።

«ዝሆን ቀይ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ግራጫው አልቋል። ደንበኛ ያለውን ጨርቅ ነው የሚለብሰው።»

ቀጭኔ የመረጠው ልጅ ድንክ ቢጤ ነበር። ለአንገቱ ቢጫ ወረቀት ጠቅልለው እንደ ቧንቧ አቆሙለት፤ ማያ ቀዳዳ ከጉሮሮው በታች ወጣለት። ልብስ ሰፊው ራቅ ብሎ አየውና አንድ ነገር ጎደለው። መቀሱን አንስቶ ጎኑ ላይ ኪስ አወጣለት።

«ጋሼ፣ ቀጭኔ ኪስ የለውም!»

«ታዲያ መሐረቡን የት ያድርገው?»



ማታ ቤት ሲገባ ልጁ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው። «እንዴት ነው? ወረቀቱን ሳይነኩ ይተዉታል?»

«ሁለት ሁለት ጣት ይተዋሉ።»

«ሁለት ጣት? የት?»

«ዙሪያውን» አለና ወደ ጓዳ ሾለከ። ልጅቷ ግራ ቢገባትም የሕመም ማስታገሻው አደንዝዟት ስለነበር ብዙ አልመረመረችም። ሚስቱ ግን ጓዳ ድረስ ተከተለችው።

«ታንጎራጉራለህ እኮ» አለችው።

እውነትም ያንጎራጉር ነበር። ለምን እንደሄደ ጭራሽ ረስቶታል። ሐሙስ ሲነጋ ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው፤ የአንበሳው ጎፈር አሳስቦት።

ዓርብ ደረሰ። ወላጆች አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል፤ የሒሳቡ መምህር እንደ ወራሽ አጠገቡ ፈገግ ብሏል። በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ ላሟ ገባች። ቀጥሎ ቀይ ዝሆን ኮሌታውን ቀና አድርጎ ገባ። ጅቡ ከኋላው በልክ አጥሮለት ኩራት በኩራት ሆኖ ተከተለ። ቀጭኔው ጋ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ፤ በሩ አጭር ነው። አንገቱ ከመቃኑ ጋር ተላተመና ለሁለት ታጠፈ፤ ማያ ቀዳዳው ተዘጋ። «አልታየኝም! አልታየኝም!» እያለ ከውስጥ የሚጮኸው ቀጭኔ ሲደናበር ሄዶ ዳይሬክተሩ ጭን ላይ ዘፍ አለ። ይህን ለማየት ዞር ያለው የሜዳ አህያ የአንበሳውን ጅራት ረገጠ፤ አንበሳው ወደ ፊት ሲራመድ ከኋላው ከላይ እስከ ታች ተቀደደና ሰማያዊ ቁምጣው ለወላጆች ተገለጠ። ልብስ ሰፊው መርፌ ቁልፍ በአፉ ነክሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንበሳውን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ሊሰፋው ሲሞክር አዳራሹ ተናወጠ። አንድ ግዙፍ አባት ሆዱን ይዞ «ኧረ በቃ! ኧረ ሞትኩ!» ይል ነበር። ጭብጨባው አላቆም አለ።

ዳይሬክተሩ ቀጭኔውን ከጭኑ አውርዶ፣ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ልብስ ሰፊው መጣ።

«እርስዎ እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ወላጆቹን ያዩዋቸዋል? ልጅዎ ትረፍ፣ አትጨነቅ። ክፍሉን እርስዎ ይያዙት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌ ቁልፎቹን ከአፉ አወጣ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? ልጁ ወደ ሱቅ፣ እሱ ወደ ክብር። ያውም ሳያበላሽ፣ በጭብጨባ! «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ።

ኮቱን የሚጎትት ነገር ተሰማው። መርማሪዋ ናት፤ የላሟን ራስ ወደ ኋላ ገፍታ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ቲቸር መቼ ነው የምትመጣው?»

«ምነው፣ ላሟ አልተመቸችሽም?»

«ተመችታኛለች። ግን የውሻዬን አንድ ዓይን አልጨረስኩትም። እርስዎ ደግሞ አይችሉም።»

ክፋት አልነበራትም፤ ዝናብ ጣለ እንደሚባለው ነው ያለችው። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ቡናማ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት።

አርጅቶ የደከመው ውሻ ነው፤ አገጩን እግሮቹ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ከመንጋጋው ሥር ጥቂት ከሰል፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ነጥብ፣ አንድ ዓይን። ሌላው ሁሉ ባዶ ወረቀት ነው፤ ባዶው ግን ውሻ ነበር። ልብስ ሰፊው ጣቱን ጀርባው ላይ አሳረፈ። አንዲት መስመር የለችበትም። ቢሆንም ፀጉሩን የነካ መሰለውና ጣቱን ሰበሰበ።

«አንቺ ነሽ የሳልሽው?»

«አዎ። እኔማ ጀርባውን ላጠቁረው ነበር። ቲቸር፣ ‹እጅሽን ያዢው፣ ራሱ ይመጣል› አለችኝ።»

ይቺን ጥርሰ ወላቃ እንዲህ ያስተማራት የእሱ ልጅ ናት። እሱ ሁለቱን ቀን ሲለካና ሲቀድ ዋለ እንጂ፣ አንድ ልጅ እንኳ ከሰል አላስያዘም። ልጁ በዚህ ሥራ ጎበዝ ናት፤ እሱ በስፌት ከሚችለው በላይ ጎበዝ። ይህን ሲያውቅ ኮራ፤ በኩራቱ መሃል ደግሞ ልጅቷ ከእንግዲህ ሱቅ እንደማትመጣ ገባው።

«ታዲያ ሰኞ ይጀምራሉ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አልችልም።»

«ኧረ ትሕትናውን ይተዉት!»

«ትሕትና አይደለም፣ ጌታዬ! እኔ ልብስ ነው የሰፋሁት። ያውም መናኛ ልብስ፤ አንበሳው ከኋላው ሲቀደድ አላዩም? አንድም ልጅ ሥዕል አልሳለም። የከሰሉን ቆርቆሮ ክዳኑን አልነካሁትም። ለቀጭኔ ኪስ አውጥቻለሁ፣ ኪስ!»

«ወላጆቹ ግን ወደዱት እኮ።»

«ወላጅ ልጁን ጆንያ ቢያለብሱትም ይወደዋል! አስተማሪዋ ልጄ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ይልቅ ይሄን ይዩ።»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ተቀበለ። ሊመልሰው ሲል እንደገና አየው። «ሌላ አለ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልብስ ሰፊው ሥዕል ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የተከመሩትን የልጆቹን ሥዕሎች አቅፎ እየሮጠ ተመለሰ። የሚሰቅልበት አልነበረም፤ የአዳራሹ ግድግዳ መርፌ አይቀበልም። ዙሪያውን አየና እንስሳቱን በረድፍ አቆማቸው። መርፌ ቁልፎቹን በአፉ ይዞ የእያንዳንዱን ልጅ ሥዕል በየለበሰው ላይ ይሰካ ጀመር፤ በዝሆኑ ደረት ላይ ድመት፣ በጅቡ ሆድ ላይ ዶሮ፣ በቀጭኔው ኪስ በኩል ግራጫ አህያ። ወላጆች አሁንም እየሳቁ ቀረቡ። ሳቁ ግን እየቀነሰ ሄደ።

«ይቺ የእኛ ድመት ናት!» አለች አንዲት እናት። «ጆሮዋን ተመልከቱት፣ በር የቀጠፈው!»

ግዙፉ አባት አህያዋ ፊት ቆሞ ቀረ። «ደክሟታል» አለ ለማንም ሳይሆን። ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ረድፉን እስከ ጫፍ ሄደበት፣ ተመለሰበት። ከዚያ ወደ ሒሳቡ መምህር ዞረ።

«ለሒሳብ ሌላ ሰዓት እንፈልግለት» አለው። ልብስ ሰፊውንም «ልጅዎ ሰኞ ተቀምጣ ማስተማር ትችል ይሆን?» ብሎ ጠየቀው።

«ለመቀመጥማ ምን አላት! የተሰበረው እግሯ ነው።»

ቤት ሲደርስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራት። ዳይሬክተሩ ያለውን ነገራት፣ የቀጭኔውን ነገራት። መጨረሻ ላይ ለምን እሺ ብሎ እንደሄደም ነገራት። ይህን ባይነግራትም ያልፍ ነበር፤ ግን ሰውየው ሆዱ አልችል አለው።

«እንዳይሳካ ብለህ ነው የሄድከው?» ልጅቷ ቀና አለች።

«አዎ።»

ትራሱን አንስታ ወረወረችበት። ፊቱ ላይ አረፈ፤ አልሸሸም። እናቷ ትራሱን ከወለሉ አንስታ መልሳ ሰጠቻት፤ «ድገሚው» አለቻት።

«ታዲያ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ዝም ብትል ሰኞ ሱቅህ ውስጥ ነበርኩ። የፈለግከው እሱን አልነበር? ለምን ተናገርክ?»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬቱን አየ። «ሥራሽን አየሁት፤» አለ፣ «ከእኔ ትበልጫለሽ። እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር። ሱቄ ለአንቺ ይጠብሻል።»

«ሱቁስ?»

«ሱቁ እኔ እስካለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ይዘጋ። ሱቅ ነው፣ ሰው አይደል።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረበት። ሁልጊዜ የምታሾፍበት ሚስቱ እንኳ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ልጅቷ ትራሱን አቀፈች።

«ገና ተናድጄብሃለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ይገባሻል።»

«ብዙ ቀን ነው የምናደድብህ።»

«ይሁን።»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሰኞ ማን ነው የሚያደርሰኝ?»

«እኔ ነኛ!» አለ ልብስ ሰፊው። «ማን ሊያደርስሽ ኖሯል?»